ለዋጋነሽ የቆሙ አራት ምስክሮች

ከዋጋነሽ ደሜ ጋር አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ «አንቱ» እላት ነበር። በዕድሜ አሥር ዓመት ትበልጠኛለች። እሷም መምህር ነው ብላ አንድም ቀን «አንተ» ብላኝ አታውቅም። እዚህ ላይ «እሷ» እያልኩ የምጽፈው ደፍሬ አይደለም። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ሟች ዳኛ የጻፍኩትን የሐዘን መግለጫ ስትተይብ ቀና አለችና «አቶ ሀብተሥላሴ፣ አንቱታው ሲበዛ እኮ ሰውየው ከጀርባው ጠፋ» አለችኝ። እሷ እንድትጠፋብኝ አልፈልግም።

ዋጋነሽ የሕግ መጽሔታችን የአማርኛ ታይፒስት ነበረች። ቤቷ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ነው። ጠዋት ጠዋት እስከ ጦር ኃይሎች በእግሯ ትመጣና ከዚያ አውቶቡስ ይዛ ስድስት ኪሎ ትደርሳለች። ክረምት ሲሆን ጭቃ የነካውን ጫማዋን በር ላይ ቀይራ፣ ከመሳቢያዋ ሌላ አውጥታ ተጫምታ ነው የጽሕፈት መኪናዋ ፊት የምትቀመጠው። የተወለደችው ወሊሶ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ የመጣችው አክስቷ ዘንድ ሆና ለመማር ሲሆን፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራ የጽሕፈት መኪና ትምህርት ቤት ገባች። ጣቶቿ ፈጣን ነበሩ። ከጣቶቿ ይልቅ ግን እኛ መምህራኑ የምንፈራው ዓይኗን ነበር፤ የጻፍነውን እያነበበች ነበር የምትተይበው።

በ1960 ዓ.ም. ለጥቅምት መድኃኔ ዓለም ቤቷ ጠራችን። ከመጽሔት ክፍሉ ሦስት ሆነን ሄድን። በር ላይ የተቀበለን ጉልላት ፈቀደ የሚባል ረጅም፣ ዝምተኛ ግንበኛ ነበር። እጁ እንደ ድንጋይ የሻከረ ነው። ሲጨብጠኝ «ባለቤቴ ስለ እርስዎ ነግራኛለች። የጠበቆች አስተማሪ ነዎት አሉ» አለኝና ወደ ውስጥ አስገባን። ቤቱ አራት ክፍል ነው። መሠረቱን ራሱ በድንጋይ እንደሠራው፣ ጭቃውን ዋጋነሽ ከሥራ እየተመለሰች አብራው እንዳቦካች፣ ጣሪያው ግን በሁለተኛው ዓመት እንደተመታ ምሳ ስንበላ አወጋን። ጎረቤቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። «የጉልላት ሚስት፣ ወንበር ጨምሪ» ይላሉ። በልተን ጠጥተን፣ መርቀን ወጣን።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ጥናት ጻፍኩ። በዚያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ከውጭ አገር ትምህርቴን ጨርሼ ከተመለስኩ ገና ሦስት ዓመት አልሞላኝም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አዲስ ነው፤ ሁላችንም በዚያ ሕግ ላይ የመጀመሪያውን ቃል ለመናገር እንሽቀዳደም ነበር። እኔ የመረጥኩት ጋብቻ በምን ማስረጃ ይረጋገጣል የሚለውን ጥያቄ ነው። ሕጉ ሁለት መንገድ ሰጥቷል። አንደኛው የጋብቻ ጽሑፍ ማቅረብ ነው። ጽሑፍ ከሌለ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ እንደነበሩ፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያው ያያቸው እንደነበር በአራት ምስክሮች ማስረዳት ይቻላል።

እኔ ሁለተኛው መንገድ ይጥበብ አልኩ። ፍርድ ቤት እየሄድኩ መዝገብ አገላብጬ ነበር። ሰው በሞተ ማግሥት ሚስቱ ነኝ፣ ባሏ ነኝ እያለ የሚመጣው ሰው ብዛት አስደነገጠኝ። በምስክር ቃል ብቻ የሚፈረድ ከሆነ ማንም ሰው ጋብቻውን አያስመዘግብም፣ መንግሥትም የሕዝቡን ቁጥርና ኑሮ አያውቅም፣ ስለዚህ የሕዝብ ጥቅም ጥብቅነትን ይጠይቃል ብዬ ደመደምኩ። የክብር መዝገብ ሹሞች የተባሉት ጋብቻ መዝጋቢዎች በአብዛኛው አገር ገና አለመሾማቸውን አልደበቅሁም። በግርጌ ማስታወሻ ቁጥር አሥራ ሁለት ላይ በሁለት መስመር ጠቅሼዋለሁ።

ዋጋነሽ ጽሑፉን ተይባ ስታመጣልኝ ቆማ ቀረች።

«ስህተት አለው እንዴ?» አልኳት።

«የለውም። ይህቺን ቁጥር አሥራ ሁለትን ግን ከታች አውጥተው ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ቢያስገቧት ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«መዝጋቢ የለም ትላለች። መዝጋቢ ከሌለ ሰው የት ሄዶ ይመዝገብ? ከላይ ያለው ሁሉ እኮ የቆመው ይመዝገብ በሚለው ላይ ነው።»

ሳቅኩ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቅ ነው። «ወይዘሮ ዋጋነሽ፣ ፊደል ከተሳሳተ ይንገሩኝ፣ ሐሳቡን ለእኔ ይተዉት» አልኳት። «እሺ» ብላ ወጣች። ጽሑፉ ታተመ። አንጋፋ ዳኞች ደውለው አመሰገኑኝ።

በ1962 ግንቦት ላይ ጉልላት ታመመ። በሳል የጀመረው ሕመም ሳንባውን ያዘውና ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሞተ። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ተቀበረ፤ እኛም ሄደን ቀበርን። ልጅ አልነበራቸውም። ለቀብሩ ጌታቸው የሚባል ታናሽ ወንድሙ ከአገር ቤት መጣ። ዋጋነሽ ለለቅሶ ካልሆነ በቀር አይታው አታውቅም። እስከ አርባው ድረስ እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ። የአርባው ዕለት ሰዉ ተሰነባብቶ ሲወጣ ቁልፉን ጠየቃት።

«ወንድሜን አገልግለሽዋል፣ እግዜር ይስጥሽ» አላት። «ቤቱ ግን የወላጆቻችን ልጆች ነው። መሄጃ እስክታገኚ አላጣድፍሽም።»

ይህን ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ቆማ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ከል ለብሳለች። ጫማዋን ሳትቀይር መግባቷን ያየሁት በኋላ ነው።

«የጋብቻ ጽሑፍ አላችሁ?» አልኳት። መጠየቅ የለብኝም ነበር፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

«የለንም። አባቴ ልጄን ለግንበኛ አልድርም ብሎ ከለከለ፤ አክስቴ ቤት ሳለሁ ወጥቼ እሱ ዘንድ ገባሁ። በኋላ አባቴ ታረቀን። ሠርግ እናደርጋለን ስንል ቤት መሥራት ጀመርን፣ ቤቱ ሲያልቅ የእሱ እናት ሞተች፣ ከዚያ እኔ ታመምኩ። ዛሬ ነገ ሲባል አሥራ አምስት ዓመት ሆነን።»

የሕጉን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኩ።

«በጽሑፍዎ ላይ ሕጉን እኔው ነኝ የተየብኩት» አለች። «አራት ምስክር ይላል። አቶ ወልደ አማኑኤል የእድራችን ዳኛ አሉ፤ ጉልላት እድር ሲገባ ባለቤት ብሎ ያስጻፈው የእኔን ስም ነው። ጀማል ባለሱቁ አለ፤ አልማዜ ጎረቤቴ አለች። ሦስት ናቸው።»

«አራተኛውስ?»

«እርስዎ ቤታችን ምሳ በልተዋል» አለችኝ።

ወዲያው «እሺ» አልኩ ማለት ብችል ደስ ባለኝ። ላስብበት ነው ያልኩት። ሁለት ቀን አሰብኩ። ስለ ምስክር ቃል ያን ሁሉ የጻፍኩ ሰው ምስክር ሆኜ ብቆም ባልደረቦቼ ምን ይሉኛል እያልኩ ነበር የማስበው። እሷ በነዚያ ሁለት ቀናት የሌላ መምህር ጽሑፍ ስትተይብ በግድግዳው በኩል ድምፁ ይሰማኛል። ሦስተኛው ቀን ሄጄ «እመሰክራለሁ» አልኳት። ከመኪናዋ ቀና ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና መተየቧን ቀጠለች።

ጉዳዩ አውራጃ ፍርድ ቤት በ1963 ጥር ላይ ተሰማ። ጌታቸው ጠበቃ ይዟል። ጠበቃው በመጀመሪያ ያቀረበው አንድ ደብዳቤ ነበር። ጉልላት ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ለእናቱ የጻፈው ነው። ጠበቃው ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ስለ እኔ አያስቡ። ምግብ የምታበስልልኝ፣ ልብሴን የምታጥብልኝ ሴት አግኝቻለሁ።»

ዋጋነሽን አየኋት። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትጠቀልልበታለች። ደብዳቤው መኖሩን አታውቅም ነበር። ዳኛው ጽሑፉ የሟች ነው ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ አልካደችም። «የእሱ እጅ ነው» አለች። «‹ሀ›ን እንዲህ አጣሞ ነው የሚጽፋት።»

ምስክሮቹ በየተራ ገቡ። አቶ ወልደ አማኑኤል የእድሩን የአባላት መዝገብ በጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ገጹን ለዳኛው አሳዩ። ጀማል «አሥር ዓመት ሙሉ ሱቄ ስትመጣ የጉልላት ሚስት እያልኩ ነው የምጠራት። ስሟ ዋጋነሽ መሆኑን የሰማሁት ዛሬ እዚህ ስትጠራ ነው» አለ፤ ችሎቱ ሳቀ። አልማዜ ያለቀሰችው ከተጠየቀችው በላይ ነበር። ከዚያ እኔ ተጠራሁ።

ያየሁትን ተናገርኩ፦ በዓሉን፣ ምሳውን፣ «ባለቤቴ» ያለኝን። ጠበቃው ተነሣ። እጁ ላይ በእጅ የተገለበጠ ወረቀት ነበረው።

«መምህር፣ ስለ ጋብቻ ማስረጃ በሕግ መጽሔት ላይ የጻፉት ነገር አለ?»

«አለ።»

«ይህን ያንብቡልን።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። የራሴን ዓረፍተ ነገር አወቅሁት። አሳምሬ የጻፍኩት መስሎኝ ብዙ ቀን የተደሰትኩበት ነበር። «ሰነድ ማቅረብ ይችል የነበረ ሰው ሰነዱን ሳይዝ፣ በጎረቤት ቃል ብቻ ባል ነኝ ወይም ሚስት ነኝ ቢል፣ ፍርድ ቤቶች ጆሮ ሊሰጡት አይገባም።» ድምፄ መጨረሻው ላይ ወረደ።

«ዛሬም እምነትዎ ይኸው ነው?»

«እኔ ዛሬ የቀረብኩት ያየሁትን ለመመስከር ነው» አልኩ። የሕግ መምህር የሚሰጠው መልስ ነው፤ ትክክልም ነበር። ግን ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው «ይመልሱ፣ እኔም መስማት እፈልጋለሁ» አሉኝ።

እንዲህ አልኩ፦ «ይህን ስጽፍ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቤታቸው ገብቼ በልቻለሁ። ባለቤቴ ብሎ ሲያስተዋውቀኝ ወረቀት አላችሁ ወይ አላልኩም። ለመጠየቅም አላሰብኩም፤ ባልና ሚስት እንደሆኑ አይቼ አውቄያለሁ። ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ ስጽፍ ግን እነሱን አላሰብኳቸውም። እንዲህ ያሉ ሰዎች መኖራቸውን የጠቀስኩት በግርጌ ማስታወሻ ነው። ቁጥር አሥራ ሁለት። ጠበቃው በገለበጡት ወረቀት ላይ የለም።»

ዳኛው መጽሔቱ ራሱ እንዲመጣ አዘዙ። ቀጠሮ ተሰጠን። በቀጠሮው ቀን ማስታወሻዋን ሁለት ጊዜ አነበቧት፤ አንዴ ለራሳቸው፣ አንዴ ለችሎቱ። ለምን ከታች እንዳስቀመጥኳት ግን አልጠየቁኝም።

ፍርዱ የተሰጠው ከፋሲካ በኋላ ነው። ዋጋነሽ የጉልላት ሚስት መሆኗ ተረጋገጠ። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ የጋራ ንብረት ነው ተባለ። ግማሹ የእሷ ሆነ። የሟች ድርሻ የሆነው ግማሽ ለወንድሙና ለእህቶቹ ተወሰነ፤ ሕጋችን ባልን ወይም ሚስትን ከወራሽ አይቆጥርም ነበርና። አስቀድሜ ነግሬያታለሁ፤ ግን ስትሰማው ፊቷ ተለወጠ።

ከፍርድ ቤቱ ወጥተን ፌርማታው ላይ ቆምን። እንኳን ደስ ያለዎት ልበላት ወይስ ልተው እያልኩ ሳመነታ እሷ ጀመረች።

«የግማሹ ነገር አይደለም የሚከነክነኝ» አለች። «አራት ሰው ቆሞ እስኪናገርልኝ ድረስ ምን ነበርኩ? ያን እንጃ።»

«ሚስቱ ነበሩ። ፍርዱ ያለው ይህንኑ ነው።»

«ፍርዱስ ብሏል። እሱ ግን ለእናቱ ሌላ ጻፈ።» አውቶቡሱ መጣ፤ አልገባችም፣ አሳለፈችው። «እናቱን ፈርቶ ነው። ሽማግሌ ሳይልክ ሴት ቤቱ አስገባ እንዳይሉት። እኔንም ፈርቶ አልነገረኝም። አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ ሲተኛ ያቺ ደብዳቤ ሆዱ ውስጥ ነበረች። ብትነግረኝ እንስቅባት ነበር እኮ፣ ጉልላት።» ይህን የመጨረሻውን ለእኔ አልነበረም የተናገረችው።

ጌታቸው የፊት ሁለቱን ክፍሎች ወሰደ፤ መካከሉ ላይ ያለው በር በጭቃ ተደፈነ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደብዳቤውን ይዞ ያደገ፣ የተጻፈውን ያመነ ሰው ነው። በሩ ሲደፈን ጭቃውን የሚያቦካ ሰው ጠፍቶ ብቻውን ሲቸገር ዋጋነሽ ወጥታ ገለባው እንደሚያንስ ነገረችው። «እንዲህ ከሆነ ክረምቱን አይችልም፣ ጨምርበት» አለችው። ጨመረበት። ክፍሎቹን ለአንድ ወታደር ቤተሰብ አከራይቶ አገሩ ገባ።

እኔ ሁለተኛ ጥናት ጻፍኩ። የመጀመሪያው ስህተቱ ምን እንደነበረ፣ መዝጋቢ በሌለበት ምዝገባን ማስገደድ ሸክሙን ማን ላይ እንደሚጥል፣ ጥብቅ ማስረጃ ከሐሰተኛ ሚስቶች ይልቅ እውነተኞቹን እንደሚጎዳ አብራራሁ። ከምሳሌዎቼ አንዷ «ወ/ሮ ዋ.፣ በቀራንዮ የሚኖሩ ታይፒስት» ነበረች። ጽሑፉን ለመተየብ ወሰደችው። ሲመለስልኝ ያ አንቀጽ የለም።

«አንድ አንቀጽ ዘለዋል» አልኳት።

«አልዘለልኩም። ተውኩት።»

«ለጥናቱ እኮ ያስፈልጋል። ስምዎ አልተጠቀሰም።»

«ቀራንዮ ውስጥ ስንት ታይፒስት አለ?» አለችኝ። ቀጥላ ዝግ ባለ ድምፅ «ችሎት ፊት የቆምኩት ቤቴን ፈልጌ ነው፤ ለመጽሔት ብዬ አይደለም። መዝገብ ቤት ሄደው ስንቱን አይተዋል፣ ከዚያ ይውሰዱ» አለች። ተከራከርኳት፤ ምሳሌ የሌለው ጽሑፍ ሰው አይነካም አልኳት። እውነቴን ነበር። እሷም አልተቀየረችም። በመጨረሻ ያለ እሷ ታተመ። የመጀመሪያውን ያህል ማንም አልደወለልኝም።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ግን ከሁለቱም ጥናቶቼ የሚበልጥ ነው። አንድ ቀን መጥታ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንዳረቅላት ጠየቀችኝ፤ ባልና ሚስት በሽማግሌዎች ፊት የሚፈርሙት፣ መጋባታቸውን የሚመሰክር።

«አንድ ገጽ ብቻ» አለች። «ከዚያ ከበለጠ ሽማግሌ አያነበውም።»

ያረቀቅሁት ሦስት ገጽ ሆነ። ቁጭ ብላ ቆራረጠችው። «ከላይ የተጠቀሱት ተዋዋዮች» ያልኩትን «እኛ» አደረገችው። መሥሪያ ቤቱን አስፈቅዳ በስቴንስል አባዛችው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ ተዘረጋላት። መጀመሪያ የመጡት ሴቶቹ ብቻ ነበሩ፤ አልማዜ ባሏን በግድ ጎትታ አመጣችው። ቀስ በቀስ ወንዶቹም መጡ። የዋጋነሽን ነገር ሁሉም ሰምቶታል። ከአየር ጤና ድረስ በእግሩ የሚመጣ ነበር። እኔም አንዳንድ እሑድ እየሄድኩ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ሕግ ነክ ጥያቄ ከመጣ ለመመለስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ትቀድመኛለች።

በ1964 ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። እሳቸው አቶ ባጫ ይባላሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩብርሃን። ልጆቻቸው ራሳቸው ልጆች ወልደዋል። ዋጋነሽ ስማቸውን ሞልታ «ጋብቻው የተፈጸመበት ቀን» የሚለው ክፍት ቦታ ላይ ደረሰችና ጠየቀቻቸው።

«ጣሊያን በገባ ዓመት ነው» አሉ አቶ ባጫ። «ጥር።»

«የምን ጥር?» አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን። «ጣሊያን ሲገባ የመጀመሪያዋን ልጄን ጡት እያጠባሁ አልነበር እንዴ? ከዚያ በፊት ነው። ሚያዝያ ነው፣ ዝናብ አበስብሶኛል።»

«ሚያዝያ የሄድሽው የአጎትሽ ልጅ ሠርግ ላይ ነው፤ ዝናቡም የዚያን ቀን ነው።»

እኔ ነገሩን ላቅልለው ብዬ «የዛሬውን ቀን ጻፉበት፣ ምንም ችግር የለውም» አልኩ።

ዋጋነሽ ወደ እኔ ዞረች። «ዛሬ ብለን ከጻፍን እስከ ዛሬ የኖሩት ምን ሊባል ነው? ከዛሬ በፊት ያፈሩት መሬትስ የማን ይሆናል?»

ትክክል ነበረች። አንድ ሙሉ የክርክር መዝገብ በዚያች ክፍት ቦታ ሊገባ ይችል ነበር፤ እኔ ሳረቅቀው አላየሁትም። ብዕሬን አወጣሁ። «ቀኑ በትክክል ባይታወስም፣ ከዚህ ጽሑፍ በፊት ለብዙ ዓመታት እንደ ባልና ሚስት አብረን የኖርን መሆናችንን» ብዬ ጀመርኩ። ሰረዝኩት፤ እንደገና ጀመርኩ። «ረዘመ» አለችኝ ከኋላዬ ቆማ እያነበበች። ሁለቱ ሽማግሎች አጠገባችን ክርክራቸውን አልተዉም። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ዝናቡን የሚያስታውስ ሰው ለመፈለግ ከድንኳኑ ወጡ፤ አቶ ባጫም «የት ልትሄጂ ነው፣ ሳንፈርም?» እያሉ ከኋላቸው ተከተሉ።